ምዕራፍ ሰባት፦ መሬት በማይሸጥበት አገር ቤት መግዛት

ከደብረ ታቦር ተነስቶ የጉናን ተራራ በቀኝ እየተወ ክምር ድንጋይን የሚያልፈው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ነፋስ መውጫ ይገባል። ከዚያም ጨጨሆን ተሻግሮ ወደ ጋሸናና ወደ ወልድያ ይዘልቃል፤ የላሊበላ መንገደኛም የሚያልፈው በዚሁ ነው። ከዚህ መስመር በስተደቡብ የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ የስማዳዋ ወገዳና የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ አሉ። የላይ ጋይንቷን ነፋስ መውጫ ጨምሮ አራቱም የወረዳ ከተሞች ናቸው፤ በአራቱም ዳር ዳር አዲስ ቆርቆሮ ይታያል።

ቤቱን የሚሠሩት ብዙ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ደመወዙን በእቁብ የሚያጠራቅም መምህር አለ። እህል ሰብስቦ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ባሕር ዳር የሚጭን ነጋዴ አለ። አረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ልጅ አለች፤ ልጆቹን ከተማ ሊያስተምር የሚፈልግ ገበሬም አለ። ለእነዚህ ሁሉ ቤት ከማንኛውም ሀብት በላይ የሚታመን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ሲያልፍ ደግሞ፣ ጥሬ ብር ይዞ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚጎዳ ያላየ ሰው አልቀረም።

ሆኖም በእነዚህ ከተሞች በቤት ሀብት አፍርቶ የሚዘልቀውንና ያጠራቀመውን በአንድ ፊርማ የሚያጣውን የሚለያቸው የገንዘባቸው መጠን አይደለም። የሚለያቸው ገንዘቡን ከመክፈላቸው በፊት የጠየቁት ጥያቄ ነው። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፦ የምገዛው መብት ምንድን ነው? በዚህ ቤት የሚከራየው ማን ነው? ዋጋው የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው።

ከርስት እስከ ሊዝ

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የጥንቱ የበጌምድር ክፍል ናቸው። በበጌምድር የገበሬው መሬት ርስት ነበር፤ በአባትም በእናትም በኩል ከአቅኚው የሚወለድ ሁሉ ድርሻዬ ብሎ የሚጠይቀው፣ ለባዕድ የማይሸጥ የዘር መብት። በጎንደር ከተማ ግን ሌላ ልማድ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጀምሮ የቤትና የመሬት ሽያጭ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይመዘገብ ነበር። ሻጩ፣ ገዢው፣ በወርቅ ወቄት የተከፈለው ዋጋ፣ ምስክሩና ዋሱ በስም ይጻፋሉ። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክረሚ እነዚህን መዛግብት ሰብስቦ ሲያጠና ከገዢዎቹና ከሻጮቹ መካከል ሴቶች ጥቂት እንዳልነበሩ አሳይቷል። በዚያ ዘመን ሽያጩን ያጸናው ከዋጋው ይልቅ በብዙ ሰው ፊት ተጽፎ መቀመጡ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ወደ መንግሥት አዛወረ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ከአንድ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳያልፍ ተወሰነ። ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ሥር ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሆኑ። ለመሬቱ ካሳ አልተከፈለም። ለኪራይ ብሎ ሁለትና ሦስት ቤት የሠራ ቤተሰብ በአንድ ቀን አንድ ቤት ይዞ ቀረ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ቤትን መልሶ ለግለሰብ የተጠበቀ ንብረት ሲያደርግ መሬቱን ግን አልመለሰም። አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። የዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ የገነባውን ቋሚ ንብረት የመሸጥ፣ የመለወጥና የማውረስ መብት ያጎናጽፋል። የዛሬው የቤት ገበያ ሁሉ የቆመው በእነዚህ ሁለት ንዑስ አንቀጾች መካከል ነው።

የሚገዛው መብት አንድ ዓይነት አይደለም

በአንድ የወረዳ ከተማ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቤቶች በሕግ ፊት የተለያየ ዋጋ ሊኖራቸው ይችላል። አንዱ ነባር ይዞታ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ከሊዝ ሥርዓት በፊት ያገኘው፣ የቦታ ኪራይ የሚከፍልበት። ሌላው የሊዝ ይዞታ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ሊዝን የሚገዛው ሕግ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ነው። በዚህ አዋጅ የመኖሪያ ቤት ሊዝ 99 ዓመት ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች የኢንዱስትሪ ቦታ እስከ 80፣ የንግድ ቦታ ደግሞ እስከ 70 ዓመት ይያዛል። በጨረታ የሚያሸንፈው በሰጠው ዋጋና በቅድሚያ በሚከፍለው ገንዘብ ተመዝኖ ነው፤ ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ ሊያንስ አይችልም። ቀሪው በየዓመቱ ከወለድ ጋር ይከፈላል። ግንባታውም የጊዜ ገደብ አለው፦ ለአነስተኛ ግንባታ እስከ 24፣ ለመካከለኛ እስከ 36፣ ለከፍተኛ እስከ 48 ወር።

ብዙ ገዢ ሳያውቀው የሚያልፈው አንቀጽ እዚሁ አለ። ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። አሮጌውን ቤት ከአዛውንት የገዛ ሰው ለሻጩ ከከፈለው ሌላ ለከተማው በየዓመቱ የሚከፍለው የሊዝ ክፍያ ይጠብቀዋል ማለት ነው። አባቱ ያወረሰውን ልጅ ግን ይህ አያገኘውም። ስለዚህ የነባር ይዞታ ቤት ሲገዛ የሊዙ መነሻ ዋጋ በካሬ ሜትር ስንት እንደሆነ ከማዘጋጃ ቤቱ ተጠይቆ በሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከሻጩ ጋር ዋጋ መነጋገር የሚቻለውም ይህን ካወቁ በኋላ ነው።

ሊዝ ወስዶ ሳይሠሩ መሸጥም እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ግንባታ ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ መብቱን ማስተላለፍ የሚፈልግ ሰው ሽያጩን የሚያደርገው አግባብ ያለው አካል በሚቆጣጠረው ግልጽ ሥርዓት ነው። ለእሱ የሚደርሰውም የከፈለው የሊዝ ገንዘብ ከነባንክ ወለዱ፣ የሠራው ግንባታ ዋጋ፣ ከተላለፈበት የሊዝ ዋጋ ደግሞ 5 በመቶ ብቻ ነው። ሕጉ ይህን ያደረገው ባዶ ቦታ አጥሮ ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅን ለማስቀረት ነው። ቦታ አጥሮ መጠበቅን እንደ ስልት የሚመክር ሰው ይህን ሕግ አላነበበም።

መሬትንና የመጠቀም መብትን መለየት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በቻይናም የከተማ መሬት የመንግሥት ነው፤ የመኖሪያ ቦታ የመጠቀም መብት 70 ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1987 በሸንዘን ከተማ የመጀመሪያው የመሬት መጠቀሚያ መብት በጨረታ ከተሸጠ ወዲህ የዓለም ትልቁ የቤት ግንባታ የተካሄደው በዚህ ዓይነት መብት ላይ ነው። መብቱ ጊዜ የተወሰነለት መሆኑ ገንዘብ ለማፍሰስ አያግድም፤ ጊዜው፣ ክፍያውና ግዴታው በወረቀት መታወቁ ግን ግድ ነው።

ሌላው መንገድ በማኅበር መደራጀት ነው። በአማራ ክልል ከተሞች ቤት የሌላቸው ነዋሪዎች በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው፣ ከግንባታው ወጪ የተወሰነውን በዝግ ሒሳብ አስቀምጠው ቦታ በምሪት ያገኛሉ። ለመምህሩና ለጤና ባለሙያው ከጨረታ ይልቅ አቅሙን የሚመጥነው ይህ ነው። መንገዱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የማኅበሩ መዝገብ ንጹሕ መሆኑን፣ አባላቱ በእውነት ቤት የሌላቸው መሆናቸውንና ገንዘቡ በማኅበሩ ስም መቀመጡን አባሉ ራሱ መከታተል አለበት።

በከተማ ጫፍ ያለው የእርሻ መሬት

በእነዚህ ከተሞች ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው ከከተማው ክልል ወጣ ብሎ ባለው እርሻ ላይ ነው። ደላላው «መንገዱ ወደዚህ ይመጣል፤ ከተማው ሲሰፋ ካርታ ይሰጣችኋል» ይላል። ገበሬው ገንዘብ ቸግሮታል። ውሉ አንዳንዴ የብድር፣ አንዳንዴ የስጦታ፣ አንዳንዴ የረዥም ዘመን ኪራይ ስም ይሰጠዋል። በሌሊት ግድግዳ ይቆማል፤ ሕዝቡ የጨረቃ ቤት የሚለው ይህንን ነው።

የዚህ ውል መሠረቱ ባዶ ነው። በአማራ ክልል በ2009 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252 ለገበሬው የመጠቀም፣ የማከራየት፣ የማውረስና የመስጠት መብት ይሰጠዋል እንጂ የመሸጥ መብት አይሰጠውም። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ይሰፍራል፤ ባል ብቻውን የፈረመው ወረቀት ሚስትን አያስገድድም። ከተማው በእውነት ሰፍቶ መሬቱን ሲወስድ ደግሞ ካሳ የሚከፈለው ደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛ ምርት በሰጠው ዓመት ያገኘው ገቢ በ15 ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ ይከፈለዋል። በድብቅ የገዛው ሰው ስም በዚህ ስሌት ውስጥ የለም። ቤቱ ይፈርሳል፤ ገንዘቡን ከገበሬው ለማስመለስም ዓመታት በፍርድ ቤት ይመላለሳል።

ገበሬውም ተጎጂ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት የደቡብ ጎንደር ዞን ወረዳዎች ውስጥ ናቸው። በእነዚህ ወረዳዎች የአንድ ቤተሰብ ማሳ ጠባብ ነው። የከተማ ጫፍ ማሳውን በችግር ጊዜ በዝቅተኛ ዋጋ የለቀቀ ቤተሰብ በሚቀጥለው ክረምት የሚያርሰው የለውም። ሀብት የሚያፈራ ሰው የሌላውን የመኖሪያ መሠረት ሳይነካ የሚሠራበት ሕጋዊ መንገድ እያለ፣ ይህን መንገድ መምረጥ ለራሱም ለጎረቤቱም ጥፋት ነው።

ከሻጩ ጀርባ ያሉ ሰዎች

ካርታ ያለው ቤት ሲገኝም ጉዳዩ አላለቀም። ካርታው የማን ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲደረግ ያዛል። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆ ተርጉሞታል። በኋላ በሌሎች መዝገቦች ሻጩ ውሉን ካልካደ በሚል ትርጓሜው ቢላላም፣ በሽማግሌ ፊት ብቻ በተፈረመ ወረቀት ቤት የገዛ ሰው ዕጣው በሻጩ ሐቀኝነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንቀጽ 2878 ደግሞ ሽያጩ በንብረቱ መዝገብ ላይ ካልተጻፈ በሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ እንደማይሆን ይናገራል። ስም ያላዛወረ ገዢ፣ ቤቱ በሻጩ ዕዳ ሲታገድ ከባለዕዳው ጋር አብሮ ይቀጣል።

ቀጥሎ የሚታየው ትዳር ነው። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 እንደ ፌዴራሉ ሕግ ሁሉ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሸጥ የባልና የሚስትን ስምምነት ይጠይቃል። ባል ለቀን ሥራ መተማ ወይም ሑመራ ወርዶ፣ ሚስት አረብ አገር ሆና ቤት የሚሸጥባቸው አጋጣሚዎች በዚህ አካባቢ አሉ፤ ያን ጊዜ በአግባቡ የተረጋገጠ ውክልና ሳይታይ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ውክልናው «ለመሸጥ» የሚል ግልጽ ቃል ሊኖረው ያስፈልጋል፤ ለማስተዳደር የተሰጠ ውክልና ለመሸጥ አይበቃም።

የውርስ ቤት ደግሞ ከሁሉም የከበደ ነው። አባት ከሞቱ በኋላ ቤቱን የሚኖርበት ታናሽ ልጅ ብቻውን ሲሸጥ፣ አዲስ አበባ ያለችው እህትና ባሕር ዳር ያለው ወንድም ከዓመታት በኋላ ይመጣሉ። ገዢው የወራሽነት ማረጋገጫውን፣ የወራሾችን ቁጥርና የእያንዳንዳቸውን ፊርማ መጠየቅ አለበት። በትንሽ ከተማ ይህን ለማወቅ የሚረዳ ሀብት አለ፦ ጎረቤት፣ እድርና የሰፈሩ አዛውንት። ቤቱ የማን እንደነበር፣ ድንበሩ የት እንደነበር፣ ማን ከማን ጋር እንደተካሰሰ ያውቃሉ። ከማዘጋጃ ቤቱ የዕዳና የእገዳ ማጣሪያ ጋር የእድሩን ሰዎች ቃል የሰማ ገዢ ከሁለት ወገን አረጋግጧል።

ማን ይከራያል?

በነፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ አራት ዓይነት ተከራይ አለ። እያንዳንዱ የሚፈልገው ቤት የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው የገጠር ተማሪ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለው ከተማ ስለሆነ፣ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ልጅ ከሁለት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ቅዳሜና እሑድ ቤቱ ሄዶ ስንቁን፣ እንጀራውንና ድርቆሹን፣ ሽሮውን ተሸክሞ ይመለሳል። የሚከፍለው ትንሽ ነው፤ ክፍሏ ከመስከረም እስከ ሰኔ ትያዛለች፣ ክረምት ባዶ ትሆናለች። ለሴት ተማሪዎች የሚከራይ ግቢ የሚቆለፍ በር፣ መብራትና ቅርብ የሆነ መጸዳጃ ካለው ወላጆች ከሌላው ሁሉ ያስበልጡታል። ይህን ማሟላት ለባለቤቱ ተፈላጊነት ነው፤ ለልጆቹ ደግሞ ትምህርታቸውን የመጨረስና ያለመጨረስ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የመንግሥትና የባንክ ሠራተኛ ነው፦ መምህር፣ ነርስ፣ የግብርና ባለሙያ፣ የባንክ ገንዘብ ተቀባይ። ዓመቱን ሙሉ ይከፍላል፤ ከመግባቱ በፊት የሚጠይቀው የራሱ ቆጣሪ፣ የውኃ መስመርና ከሌላው የተለየ መግቢያ ነው። ሦስተኛው ነጋዴ ነው። እሱ የሚከራየው መደብር ወይም መጋዘን ነው፤ የገበያው መንገድ ዳር መሆኑን፣ ወለሉ እርጥበት አለመሳቡን፣ መኪና በር ድረስ መድረሱን ያያል። አራተኛው መንገደኛ ነው፤ ምሳ የሚበላና አልጋ የሚይዝ። በዋናው የወልድያ መንገድ ላይ ያለችው ነፋስ መውጫ ከሌሎቹ ይልቅ ይህን ተከራይ ታገኛለች።

መንገድ ሲሠራና ሲበላሽ፣ መናኸሪያ ሲዛወር፣ አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፈት የእነዚህ ሰዎች እግር ወዴት እንደሚዞር የሚያይ ሰው ዋጋ ከመውጣቱ በፊት ያውቃል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተማሪዎችን መቀበል ሲጀምር በዞኑ ዋና ከተማ የቤት ፈላጊው ቁጥርና ዓይነት ተለወጠ። በወረዳ ከተማ ያን ያህል ትልቅ ነገር ባይመጣም፣ አንድ ጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሲያድግ የሚመጡት ሠራተኞች የሚከራዩት ክፍል ይፈልጋሉ። የከተማው መሪ ፕላን በማዘጋጃ ቤቱ ይገኛል፤ መንገዱ፣ ገበያውና አገልግሎት መስጫው የት እንደታቀደ ከዚያ ማየት ይቻላል።

የኪራይ ሕግም እየተለወጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ጭማሪውንም ተቆጣጣሪው አካል ይወስናል። ሕጉ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ፣ በክልል ደግሞ ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ይሠራል። ሒሳቡን በየስድስት ወሩ ኪራይ በመጨመር ላይ የመሠረተ ባለቤት ሕጉ ከተማው ሲደርስ ሒሳቡ ይፈርስበታል።

አንድ ሒሳብ

ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ እንጂ የየትኛውም ከተማ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንድ ሰው ስድስት የኪራይ ክፍሎች ያሉት ቤት ቦታውን ጨምሮ በ900,000 ብር አገኘ እንበል። እያንዳንዱ ክፍል በወር 1,200 ብር ይከራያል። ሁሉም ለተማሪ ከተከራዩና ሁለት የክረምት ወራት ባዶ ከሆኑ የአሥር ወሩ ኪራይ 72,000 ብር ነው። ለጥገና፣ ለግብርና ለሌላ ወጪ 12,000 ብር ቢቀነስ 60,000 ብር ይቀራል። ይህ ካወጣው ገንዘብ 6.7 በመቶ ያህል ነው፤ ያወጣውን በኪራይ ብቻ ለመመለስ 15 ዓመት ይፈጅበታል።

ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎ ነበር። እንግዲህ ከላይ ያለው ቤት በኪራይ ብቻ ሲለካ ከቁጠባ ደብተር አይበልጥም። ቤቱን የሚያስመርጠው ዋጋው ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ መውጣቱ ነው፤ ያ ደግሞ የሚሆነው ሕጋዊ ወረቀት ካለውና ገዢ ካገኘ ነው። ክፍሎቹ ዓመቱን ሙሉ ለሚከፍሉ ሠራተኞች በዚያው ዋጋ ቢከራዩ ገቢው 86,400 ብር፣ ወጪው ሲነሳ 74,400 ብር ይሆናል፤ ከ8 በመቶ በላይ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያመጣው ቆጣሪ፣ ውኃና የተለየ መግቢያ ነው። ለእነዚህ የሚወጣው ገንዘብ ሌላ ሰባተኛ ክፍል ለመጨመር ከሚወጣው የተሻለ ይከፍላል።

በስሌቱ ግብርም አለ። በ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ የኪራይ ገቢ ከ10 እስከ 35 በመቶ ይቀረጥ ነበር፤ መዝገብ ለማይዝ አከራይ ከጠቅላላው ኪራይ ግማሹ በወጪነት ተነስቶለት። አዋጁ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ ስለዚህ ቤት ከመግዛት በፊት የጊዜውን መጣኔ ከወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ግድ ነው።

ከሁለት ክፍል መጀመር

በዚህ አካባቢ ለግንባታ የሚሆነው ብዙ ነገር ከአካባቢው ይገኛል። የባሕር ዛፍ አጣና ከጉና ዙሪያና ከእስቴ ደጋ፣ ጥቁር ድንጋይ ከየአቅራቢያው፣ ለጭቃው ጭድ ከአውድማ። ሲሚንቶ፣ ብረትና ቆርቆሮ ግን ከሩቅ ተጭነው ይመጣሉ፤ ዋጋቸውም ከምንዛሪውና ከመንገዱ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ የድንጋይ መሠረት በደንብ አስይዞ፣ ግድግዳውን በእንጨትና በጭቃ፣ ወለሉንና የግድግዳውን የታች ክፍል በሲሚንቶ የሚሠራ ሰው ገንዘቡን ዕድሜ የሚሰጠው ቦታ ላይ አውሏል። ነፋስ በሚበረታበት ደጋ የጣሪያው ማገር ከግድግዳው ጋር በሚገባ መታሰር አለበት፤ ምስጥ ባለበት ቆላ ደግሞ ከመሬት ጋር የሚገናኝ እንጨት መኖር የለበትም።

አቅም ለሌለው ሰው የሚበጀው ፕላኑን ለስድስት ክፍል አስጸድቆ ግንባታውን በሁለት መጀመር ነው። የሁለቱ ኪራይ ሦስተኛውን ለማቆም ይረዳል፤ በሊዝ ውሉ የተቀመጠው የጊዜ ገደብ ግን ከዓይን መጥፋት የለበትም። ብድርም አለ። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ከ2014 ዓ.ም. በኋላ ፀደይ ባንክ ሆኖ በእነዚሁ ከተሞች ይሠራል። ለቤት የሚወሰድ ብድር ወርኃዊ ክፍያው ከሚጠበቀው ኪራይ ከበለጠ ልዩነቱን የሚሸፍነው ደመወዝ ወይም ንግድ መሆኑ ቀድሞ መታወቅ አለበት። ከእቁብ የሚወጣ ገንዘብ ወለድ የለውም፤ ቀኑ የሚታወቅ እቁብ ለመሠረትና ለጣሪያ ለመሳሰሉት ትልልቅ ወጪዎች ጥሩ ምንጭ ነው።

ከአቅም በላይ የሆነው

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫን ለዘጠኝ ቀናት ያህል ይዘው ቆዩ። በከተማዋ ሴቶች ላይ የተፈጸመውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቦታል፤ የደረሰው ጉዳት በገንዘብ አይለካም። በቤት ባለቤትነት በኩል ካየነው ደግሞ፣ የመንገደኛ ገቢ ላይ ብቻ የቆመ ሆቴልና አልጋ ቤት መንገዱ ሲዘጋ ገቢው ሙሉ በሙሉ ይቆማል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ይህንኑ ደግሞ አሳየ። የመኖሪያ ክፍል ተከራዮች በብዛት ይቆያሉ፤ ኪራዩ ቢቀንስም አይጠፋም። በዚህ ምክንያት ገንዘባቸውን በሁለት የከፈሉ፣ ግማሹን በገበያ ዳር መደብር፣ ግማሹን በመኖሪያ ክፍሎች ያዋሉ ባለቤቶች የተሻለ ይቋቋማሉ። የካርታ፣ የውልና የግብር ደረሰኝ ቅጂ በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ማስቀመጥም በቀላሉ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው፤ ጽሕፈት ቤት ሊዘረፍ ወይም ሊቃጠል ይችላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 እያንዳንዱን ይዞታ ለክቶ በአንድ መዝገብ ማስፈርን ያለመ ነው፤ ምዝገባው ወደ ከተማው ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀርብ ባለይዞታ የድንበር ክርክርን በጊዜው ይዘጋል።

መሸጫው

ቤት ሲገዛ መሸጫው አብሮ ይታሰባል። በወረዳ ከተማ ገዢ ጥቂት ነው፤ ጥሩ ቤት እንኳ ወራት ሊቆይ ይችላል። ለመታከሚያ ወይም ለልጅ ትምህርት በአስቸኳይ የሚፈለግ ገንዘብ ሁሉ በቤት ውስጥ መቀመጥ የሌለበት በዚህ ምክንያት ነው። ሲሸጥ ደግሞ ስም ለማዛወር የቴምብር ቀረጥ ከዋጋው 2 በመቶ ይከፈላል፤ በኪራይ የነበረ ቤት ሲሸጥ በትርፉ ላይ 15 በመቶ ግብር አለ። የግዢ ውሉን፣ የግንባታ ደረሰኙንና የጥገናውን ወጪ ጠብቆ ያቆየ ሰው እውነተኛ ትርፉን ማሳየት ይችላል፤ ያላቆየ ሰው ግብሩ ባለሥልጣኑ በሚገምተው ዋጋ ላይ ይሰላል።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1388 የውጭ ዜጎች ቢያንስ 150,000 ዶላር አውጥተው በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲይዙ ፈቅዷል። ያ ገንዘብ በቅርብ ጊዜ መካነ ኢየሱስ ወይም አርብ ገበያ አይደርስም። እዚያ ቤት የሚገዛው ነገም ያው መምህር፣ ያው ነጋዴና ያው ከስደት የተመለሰ ልጅ ነው፤ የሚጠይቁትም ካርታው በስምህ ነው ወይ፣ ቆጣሪ አለው ወይ፣ ኪራዩ ስንት ነው የሚለውን ነው። ቤቱን ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ እንዲኖረው አድርጎ የሠራ ባለቤት ደላላ ሳይለምን ገዢ ያገኛል።